ከተሳቢው ሥር ያለችው ጥላ

ይህን ታሪክ አንብቦ ሲጨርስ "ጊዜዬን በላው" የሚል ሰው ካለ ይውቀሰኝ... ግን እስከ መጨረሻው ዝለቁ!

"ውረድና ከሥር እይ!"

ሽማግሌው ዱላቸውን አግድመው ከትራክተሩ ፊት ቆመዋል።

"ጋሽ ደረበ፣ ዘወር ይበሉልኝ! ደመናው አይታይዎትም? ሰሊጡ ሊበሰብስብኝ ነው!" አለ ሹፌሩ አንዱዓለም።

"ውረድና እይ አልኩህ።"

"ጠዋትም እንዲሁ... ትናንትም እንዲሁ... ከእኔ ተሳቢ ሥር ምን ጠፍቶብዎት ነው?"

"ጋሽ ደረበ ሳያሳልሙት አይነሣም!" አለ ከጫኞቹ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ቆላ ወርዳችሁ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ...

በሽንፋ በኩል የሰሊጥ እርሻው ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። ዛፉ ተመንጥሮ አልቋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ከደጋ ለአጨዳ የወረደ ሠራተኛ ያለችው ጥላ አንዲት ናት... የቆመ ተሳቢ ሥር! ምሳውን ቀማምሶ እዚያው ጋደም ይላል።

ጋሽ ደረበ በየእርሻው እየዞሩ ከማሽላ አገዳ ዳስ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ያዘዛቸው የለም።

"እዚህ ግቡ ልጆቼ፣ ከተሳቢ ሥር አትተኙ" ይላሉ። ሹፌር ካዩ ደግሞ "ውረድና እይ!"

ሰውዬው ከአብርሃ ጅራ የመጡ ናቸው። ልጃቸውን ተሳቢ እንደገደለባቸው ሁሉም ሰምቷል። ማን እንደነዳው ግን እዚህ የሚያውቅ የለም።

አንዱዓለም ደግሞ "ሐዘን አእምሯቸውን ነክቷቸዋል" ሲባል ሰምቷል...

"ክላክስ ነፋሁ እኮ! ሬሳ ይቀሰቅሳል!"

"የደከመ ሰው ክላክስ አይሰማም፣ ልጄ።"

አንዱዓለም እያጉረመረመ ወረደ። ሊያይ አይደለም... እጃቸውን ይዞ ከመንገዱ ሊያወጣቸው ነው።

እሳቸው ግን ቀድመው ተንበርክከዋል።

እሱም ሳይወድ ጎንበስ አለ...

ከኋለኛው ጎማ አጠገብ፣ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣል ያደረገ ሰው ተኝቷል።



እግሩን ይዘው ሲስቡት ባየልኝ የሚባል የጎጃም አጫጅ ዓይኑን እያሻሸ ወጣ።

"ምነው... ዝናቡ መጣ እንዴ?"

"ዳስ እያለልህ ምን ልሁን ብለህ ነው እዚህ የገባኸው?" አለው አንዱ ጫኝ።

"ሞልቶ ነዋ! የት ልግባ?"

አሁን የሳቀ አልነበረም።

አንዱዓለም መሬት ላይ ዘፍ አለ።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ... የልጅዎን ነገር ሰምቼ ነበር። ግን ያ ሹፌር... ጎንበስ ማለት እንዲህ ከብዶት ነው? እንደዚያ ያለውን ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?"

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

"አይወስደውም" አሉ።

"ያውቁታል?"

"እኔ ነኝ።"

...

"ልጄ አለምሰገድ ምሳ ይዞልኝ መጣ። ሰጥቶኝ ወደ ቤት የተመለሰ መሰለኝ። ለካ ፀሐዩ በርዶለት ሊሄድ ከተሳቢዬ ሥር ጋደም ብሎ ኖሯል... ክላክስ ነፍቻለሁ፤ እንዳንተው።"

አፈሩን በዱላቸው ጫር ጫር አደረጉ።

"ከእርሻዬ መሀል አንዲት ትልቅ ግራር ነበረች። በዚያው ክረምት 'ቦታ ይዛብኛለች፣ ሰሊጥ ልዝራበት' ብዬ የጣልኳት እኔው ነኝ። ብትኖር ልጄ እሷ ሥር ይተኛ ነበር..."



"ዳስ ግራር አይሆንም" አሉ ሽማግሌው፣ ከመሬት እየተነሡ። "ግን ጥላ ነው።"

ያን ቀን አንዱዓለም ትራክተሩን አላስነሣም። ዳሱን ሊያሰፋ ከባየልኝ ጋር አገዳ ሲሸከም ዋለ... ሰሊጡንም ዝናብ መታው።

ወዳጆቼ፣ ጸጸት ጥሩ አስተማሪ ነው... ክፋቱ ዘግይቶ መምጣቱ! ጋሽ ደረበ ለራሳቸው የዘገየው ጸጸት ለሌላው አባት ቀድሞ እንዲደርስ ይለፋሉ። "ሐዘን ነካቸው" ብለን የሳቅንባቸው ሰዎች ምናልባት ከእኛ በላይ ነቅተው ይሆናል።

እናንተ በአንዱዓለም ቦታ ብትሆኑ "እኔ ነኝ" ላሉት አባት ምን ትመልሱላቸው ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ደግሞ ነገ ጠዋት መኪናም ሆነ ባጃጅ ከማስነሣታችሁ በፊት ዞር በሉና ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩ... እስቲ ሞክሩት!