ከገሳይ ጀምሮ የተከተላቸው ሰው

«ቋ!... ቋ!... ቋ!...»

ፈንታሁን በሬዎቹን አቆመ።

ድምፁም አብሮ ቆመ።

«ሂድ!» አላቸው... ሠረገላዋ ተንቀሳቀሰች... «ቋ!... ቋ!...»

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ ሠረገላዋ ላይ የተኙት እናቱ፣ እማማ እቴነሽ።

«ምንም አይደል እምዬ... አንቺ ተኚ።»

ውሸቱን ነው። ገሳይ ከምትባለው መንደር ከወጡ ጀምሮ አንድ ሰውዬ ከኋላ እየተከተላቸው ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ መቶ ስድሳ ዓመት ግድም ነው። በደብረ ታቦር አካባቢ ሠረገላ ገና ብርቅ ነው። ፈንታሁን የሚነዳት ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጨትና ድንጋይ ስታመላልስ የኖረች፣ ሁለመናዋ የላላ አሮጊት ናት።

የዛሬ ሞተረኛ ቢሰማት ገና ሳያያት «ሰንሰለቷ አልቋል» ብሎ ይፈርድባት ነበር!

የዚያን ቀን ጭነቷ ግን እንጨት አይደለም።

እማማ እቴነሽ እግራቸውን ካመማቸው መንፈቅ አልፏቸዋል። በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ፈንታሁን የሠረገላዋን ባለቤቶች፣ አለቆቹን ለምኖ፣ ተፈቅዶለት፣ ከአንድ ገደላማ ቁልቁለት ማዶ ወዳለው ጠበል ይዟቸው ወጣ።

ቁልቁለቱ ላይ ሠረገላዋ አንድ ነገር ከሆነች... እናቱን ገደል በላቸው ማለት ነው።

ይህን እያሰበ ዞር ሲል... ሰውዬው አሁንም ከኋላ አለ።

ከገሳይ ጀምሮ የሚከተላቸው ሰውዬ! ትከሻው ላይ አቁማዳ... እጁ ላይ በትር... ጣቶቹ ከሰል የመሰሉ...

ቀጥቃጭ ነው!

ያኔ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ለብዙ ሰው ቡዳ ማለት ነበር። እሱ በሠራው ማረሻ ታርሳለህ፣ ታመርታለህ፣ ትበላለህ... ዓይኑን ግን ትፈራለህ።

ፈንታሁን ፈጠን ብሎ የእናቱን ፊት በጋቢ ሸፈነ።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ» አለ ሰውዬው ሲደርስ። «ሞላ እባላለሁ። ሠረገላህን ከሩቅ እየሰማኋት ነው የመጣሁ።»

«እና ብትሰማት?»

«እስቲ በሬዎቹን ቀስ አርገህ ንዳቸው።»

ፈንታሁን ሳይወድ ነዳ።

ሞላ ጎንበስ ብሎ ከሠረገላዋ ጋር እኩል እየተራመደ፣ የበትሩን አንድ ጫፍ መንኮራኩሮቹ የተሰኩበት ግንድ ላይ አሳረፈ... ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ ደገፈ... ዓይኑን ጨፈነ... ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል...

በስመ አብ! እየደገመባት ነው!

«ግንዱ ቢሆን ሲጥ ሲጥ ይል ነበር» አለ ሞላ ዓይኑን ገልጦ። «ስቆጥራት ግን በአንድ ዙር አንዴ ነው ቋ የምትል። የቀኙ መንኮራኩር ወጣ ገባ እያለ ነው። ቆየኝ...»

እጁን ወደ አቁማዳው ከተተ።

ፈንታሁን ከዚህ በላይ አልጠበቀም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ድንጋይ አነሳ።

«እጅህን አውጣ! መተትህን ለሌላ! ሂድ ወዲያ!»

«ኧረ በማርያም ስማኝ...»

ድንጋዩ ትከሻው ላይ አረፈ። ሞላ ትከሻውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምነው ልጄ፣ ሰውዬው ምን አረገህ?» አሉ እማማ እቴነሽ ከጋቢው ስር።

«ዝም በይ እምዬ፣ አታውቂውም።»

ከዚያ ፈንታሁን ለመንገድ ከያዘው ቅል ጠበል ቀድቶ መንኮራኩሩን አጠመቀው። በሬዎቹን ነዳ...

ጸጥ!

«አየሽ እምዬ! ለቀቃት!»

እንጨት ውሃ ሲጠጣ ለጊዜው አብጦ እንደሚጠብቅ ማን ይንገረው?

ቁልቁለቱ ጀመረ...

«ቋ... ቋ... ቋ ቋ ቋ ቋ...»

ዞር ቢል ሞላ አሁንም አለ! ጭራሽ እየሮጠ ነው!

«ቁም! በፈጠረህ ቁም!»

ፈንታሁን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

በሬዎቹን ገረፋቸው። ከቡዳው ሊያመልጥ!

ሠረገላዋ ጠጠሩ ላይ አንዴ ነጠረች... የቀኙ መንኮራኩር ወልቆ ተንከባለለ... ወደ ገደሉ ዘመመች... እማማ እቴነሽ ጮኹ...

ሞላ ደርሶ ትከሻውን ከስር አስገባ። የተመታውን ትከሻ።

«ድንጋይ አምጣ! ደግፍልኝ!»

ፈንታሁን ድንጋይ እየተሸከመ ደገፈ። እናቱን አቅፎ አወረደ። መሬት ላይ አስቀመጣቸው።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሞላ አቁማዳውን ፈታ... ውስጡ ያለውን አወጣ...

ፈንታሁን ገና ሲያየው አወቀው።

የብረት ችንካር ነው። መንኮራኩሩ ከግንዱ እንዳይወልቅ የሚይዘው ችንካር!

«ጠዋት ገሳይ መውጫ ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘሁት» አለ ሞላ። «የሠረገላ መሆኑን ስላወቅሁ ላደርስላችሁ ተከተልሁ። ሳታውቁት ወድቆባችሁ ነው አይደል?»



ፈንታሁን አልወደቀበትም።

ጠዋት እናቱን ሊጭን ሲል «ቡዳ በሠራው ብረት ላይ እናቴን አላስተኛም» ብሎ ራሱ ነው የነቀለው። ቁጥቋጦ ውስጥ የወረወረውም ራሱ ነው። በምትኩ የእንጨት ችንካር ጠርቦ ሰካ። የግራውንም ሊነቅለው ነበር፤ እምቢ ብሎት ተወው እንጂ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠረጥር ዋለ፤ እናቱን ገደል አፋፍ ያደረሳቸው ግን ራሱ ነበር።

አፈረ። እናቱ ፊት አለቀሰ።

«በድንጋይ ስመታህ... ለምን አልተመለስህም?»

ሞላ መንኮራኩሩን መልሶ፣ ችንካሩን በመዶሻ እየመታ ቀና ሳይል መለሰለት...

«ላንተማ ቢሆን ድሮ ተመልሼ ነበር! እናት ተጭነው አይቼ ነው እንጂ።»

እማማ እቴነሽ «ና ልጄ፣ እጅህን ስጠኝ» አሉት። ያን ከሰል የመሰለ እጅ ይዘው ሳሙት። «እግዜር ያክብርህ» ብለው መረቁት።

ወዳጆቼ... መጠንቀቅ መልካም ነው። ችግሩ ጥርጣሬያችን ሰው ላይ ሲሆን ይሮጣል፣ ወደ ራሳችን ሲመጣ ያነክሳል። ቤታችሁ ውስጥ፣ ትዳራችሁ ውስጥ፣ ሥራችሁ ውስጥ የሆነ ነገር «ቋ» ማለት ሲጀምር... ጎረቤት ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት ጠዋት በገዛ እጃችሁ የነቀላችሁት ነገር እንዳለ አስታውሱ።

እናንተስ... በክፉ ጠርጥራችሁ ያባረራችሁት፣ ኋላ ግን ለእናንተው ብሎ ሲለፋ የነበረ ሰው አለ?

ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እስቲ ዛሬ አብረን እንመርቀው።