ሞተሩ ሲጠፋ

ቀዩ የዘይት መብራት ቦግ ሲል ኡርና እግሯን ከመኪናው ነዳጅ መስጫ ላይ አነሳች። ግራ ቀኙ በረዶ የለበሰ የጎቢ በረሃ ሜዳ ነው፤ ጭስ የሚወጣበት ድንኳን እንኳ አይታይም። ከኋላ ልጇ ኖሚን በበግ ቆዳ ተጠቅልላ አያቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ትኩሳቱ ከጠዋት ጀምሮ አልበረደላትም። ሐኪም ያለው ከተራራው ማዶ ነው።

ኡርና ደልደል ያለ ቦታ ፈልጋ ቆመች። እጇ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ኖሚንን ያቀፉት አማቷ ጋልሰን ከኋላ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እንዳታጠፊው። በዚህ ብርድ ከጠፋ አይነሳም።»

«ዘይቱን ሳላይ ከሄድኩ ሞተሩ ይቃጠላል፣ አባባ። ካላጠፋሁት ደግሞ ልኩን አያሳየኝም።»

«አንቺ ዘይት ስትለኪ ልጅቷ እጄ ላይ ትቅር?»

ኡርና ሞተሩን አጠፋችው። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ታገሠች። የልጇ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛ በጨርቅ ጠረገችው፤ መልሳ ከትታ አወጣችው። ዘይቱ የዘንጉን ጫፍ እንኳ አልነካውም።

ከኋላ ከዕቃው ጋር በተጫነው ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት በብርዱ እንደ ማር ረግቷል። እንዲሞቅ ካፖርቷን ከፍታ ጀሪካኑን ሆዷ ላይ አቀፈችው። ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

ዘይቱ መላወስ ሲጀምር ጋልሰን መስኮቱን ገርበብ አደረጉ። «ገልብጪውና እንሂድ በቃ።»

«ከበዛም ይጎዳዋል።»

ጥቂት አፈሰሰች፤ ለካች። ደግማ አፈሰሰች። በብርዱ የደነዘዙት ጣቶቿ ክዳኑ የት እንዳለ አያውቁም፤ በዓይኗ እያየች ነው የምትይዘው። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሃል ሲደርስ ኮፈኑን ዘጋች።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አቃሰተና ዝም አለ። እንደገና ሞከረች። ዝም። ጋልሰን በሹክሹክታ ይጸልዩ ጀመር። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ተነሳ። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋልሰን በመገረም ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ኡርና ልትስቅ ምንም አልቀራት። ጥቂት እንደሄዱ ልጇን ለማየት ወደ መስታወቱ ቀና አለች። በኋላው መስኮት በኩል፣ ቆመውበት የነበረው በረዶ ላይ ዘይት ተንጣልሎ ይታያል። ከእሱም ቀጭን ጥቁር መስመር ተስቦ እየተከተላቸው ነው።

ለጋልሰን አልነገረቻቸውም። መንገዱ ወደ ተራራው መውጣት ጀመረ።