ልጄ መቼ ነው የምትገባው?

የአምባሰል ልጅ ታሪክ ነው ብሎ ፊልም ሠርቶ፣ የአምባሰልን ልጅ ቀርጾ፣ አፏ ላይ የሌላ ሴት ድምፅ መለጠፍ የየት አገር ሥርዓት ነው? እስቲ ንገሩኝ!

ሳጂዳ ሐይቅ ከተማ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ የመጀመሪያ ፊልሟን እያየች ነው። ሸራው ላይ የበሬዋን ገመድ ጨብጣ ከደላላ ጋር ትሟገታለች። ፊቱ የእሷ ነው። ድምፁ ግን ለስላሳ፣ ዜና የሚያነብ የሚመስል፣ የማታውቃት የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ ነው። ይተካል ብሎ የነገራት ሰው የለም።

አባቷ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ይላሉ።

«ልጄ፣ አንች መቼ ነው የምትገቢው? ይች ሴትዮ ወሬ አበዛች።»

«ያችው እኔ ነኝ» ብትላቸው እንዴት ያምኗታል? ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ገበያውን የሚያዩት በእሷ አፍ ነበር፤ የሽንኩርት ሻጯን፣ የባጃጅ ሾፌሩን፣ የደላላውን ድምፅ እያወጣች ስታስቃቸው ነው ያደገችው። ተዋናይት የሆነችው ያኔ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ቲያትር ክበብ በኋላ የመጣ ነው። ፊልም ልሥራ ስትል ግን አኮረፉ። ዛሬ ታርቀው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው መጡ። ሊሰሟት!

ፊት ወንበር ላይ ዳይሬክተሩ ያን ለስላሳ ድምፅ ወዶ ራሱን ይነቀንቃል።

ሳጂዳ ብድግ ትላለች። ሸራው ላይ አፏ ሲከፈት፣ ከአዳራሹ መሀል የገዛ ድምፅዋ ይወጣል፦

«አልሸጥም አልሁህ! ምነው፣ ጆሮህንም ሸጥኸው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ይናጋል። «ወላሂ ይችው ናት!» ትላለች ከኋላ ጎረቤታቸው ራህመት። «ያችን ሴትዮ ዝም አሰኙልን!»

ፊልሙን የሚያሳየው ልጅ ድምፁን ያጠፋዋል። ሳጂዳ እንደቆመች ቃሏን ሁሉ እስከ መጨረሻው ትላለች። አባቷ ያንን የገበያ ቀን ሳቃቸውን ይስቃሉ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

መብራቱ ሲበራ ትከሻዋን ይዘው ይነሳሉ።

«ዳይሬክተሩ የት ጋ ነው?»

«ፊት ለፊትህ ነው፣ አባ።»

«የኔ ጌታ፣ ልጄን አሳምረህ ቀርጸሃታል አሉኝ፤ አላህ ይስጥህ። ድምፅዋ ምን በደለህ? ኋላ ለብቻዬ እንዳትነግረኝ። መድረኩ ላይ ውጣና ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ መልስ!»