የአርባው ካራ ጉዳይ

ጽጌረዳ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የድንኳን ፋብሪካ ድሬሰር ነበረች። ሥራዋ ቁስል ማጠብ፣ መስፋትና መጠቅለል ነው። በ1976 ዓ.ም. መስከረም ወር ብቻ ሃያ ሦስት እጅ ሰፍታለች። ሸራ ቆራጮቹ ራሳቸው፣ «ፋብሪካው ድንኳን ይሰፋል፣ ጽጌረዳ እኛን ትሰፋለች» እያሉ ይስቁ ነበር።

እሷን ግን አላሳቃትም። ሸራው የሚቆረጠው ቀጨኔ በተሠራ ካራ ነው፤ ስለቱ እንደ ምላጭ፣ ጫፉ እንደ መርፌ። ወፍራም ሸራ ላይ ሲስቡት ድንገት ያመልጥና ግራ እጅ ላይ ያርፋል። ሥራ አስኪያጁን ስትነዘንዘው ከርማ በመጨረሻ ተሳካላት። ሦስት ዓይነት የውጭ ቢላዋ ለናሙና መጣ፤ የሚመርጥ ኮሚቴም ተቋቋመ፤ እሷ፣ የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ይገዙ፣ እና የቆራጮቹ አለቃ ጋሽ ቦጋለ።

ጋሽ ቦጋለ ሃያ ስድስት ዓመት ሸራ ቆርጧል። በመሃሉ የገዛ ሌባ ጣቱንም ቆርጧል። ምላሱ ከካራው ይብሳል።

የመጀመሪያውን ቢላዋ ሸራ ላይ አንዴ ሳበውና ወረወረው። «ይሄ ዱልዱም ነው። ሰው የሚያቆስለው ስለታሙ እንዳይመስልሽ፤ ዱልዱሙ ነው። ጉልበት ስታበዢበት ያመልጥሻል።»

ጽጌረዳ ይህን ጻፈች። ሁለተኛው እጀታው ለስላሳ ስለሆነ ላብ የነካው እጅ ላይ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ግን ጉድ ነው፤ ስለቱ የሚወጣው አውራ ጣት ሲጫነው ብቻ ነው፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ጋሽ ቦጋለ አወጣው፣ አስገባው። ደግሞ አወጣው፣ አስገባው። አሥር ጊዜ ያህል።

«እንዴት አገኙት ጋሽ ቦጋለ?»

«የልጅ መጫወቻ!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ተመረጠ።

ቢላዋው በካርቶን ተጭኖ መጣ፤ ማንም አልነካውም። ሥራ አስኪያጁ ኮታው እንዳይጓደል ፈርቶ፣ «ለጊዜው ሁሉም በፈለገው ይቁረጥ» ስላለ፣ አርባውም ካራ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ጋሽ ቦጋለም፣ «በዚያ መጫወቻ የሚቆርጥ ወንድ ካለ ልየው!» አለ። ማን ይድፈር?

ኅዳር ላይ የገዛ ልጁ ማሚቴ በቆራጭነት ተቀጠረች። እሷም የአባቷን ስም ላለማስነቀፍ ካራ አነሳች። በሦስተኛው ቀን ጽጌረዳ የልጅቷን መዳፍ አራት ቦታ ሰፋችው። አባትየው የክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ትለምደዋለች» ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ ካራዎቹ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት። ከዚያ ሦስት።

ጓድ ይገዙ ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ይህ ተራ ሌብነት አይደለም ጓዶች፤ አሻጥር ነው! ስለት የሚያከማች ሰው ለምን እንደሚያከማች አብዮቱ ያውቃል!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳቅ ከፋብሪካው ጠፋ። ዘበኛው አማን በር ላይ ቦርሳ፣ ምሳ ዕቃ፣ ኪስና ብብት ይፈትሽ ጀመር። ካራው ግን መጥፋቱን አላቆመም።

ጋሽ ቦጋለ አበደ። ጠዋት ጠዋት፣ «የኔን ካራ! አሥራ አንድ ዓመት የሳልኩትን!» እያለ ግቢውን ሲዞር እንደ ጎረምሳ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጣ ግን ንዴቱ አቅም ያሳጣው ይመስል በቦቲ ጫማው እግሩን እየጎተተ ነው። አማን እንኳ አንጀቱን ይበላውና፣ «ይለፉ አባቴ» ይለዋል።

ጥር ሲያልቅ ግድግዳው ባዶ ሆነ። ቆራጮቹ እያጉረመረሙ አዲሱን ቢላዋ አነሱ። በየካቲት ወር ጽጌረዳ የሰፋችው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ እሱንም የቆረጠው የምሳ ዕቃ ክዳን ነው።

ጓድ ይገዙ ቁጥሩን አይቶ ወደ ክሊኒኩ መጣ።

«ጓድ ጽጌረዳ፣ በዚህ አሻጥር ማን ተጠቀመ?»

«ሠራተኛው ነዋ!»

«አንቺስ? የፈለግሽው ይሄንኑ አልነበር?»

ክሊኒኩ ተበረበረ። ቤቷም ተበረበረ፤ የእናቷ የሽንኩርት ቢላዋ ሳይቀር ለምርመራ ተወሰደ። ምንም አልተገኘም። እንደዚያም ሆኖ ሰኞ ዕለት ሠራተኛው ፊት አቆሟት። በእነዚያ ዓመታት እንዲህ ቆመው ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች ታውቃለች።

«ያየ የሰማ ይመስክር!» አለ ጓድ ይገዙ።

ጋሽ ቦጋለ ተነሳ። ጽጌረዳ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ግቢ እንደ እሱ የሚጠላት ሰው የለም።

«እቺ ናት አርባ ካራ የሰረቀች?» አለ። «እቺ ፋሻ እንኳ አጣማ የምትቆርጠው! ካራ ብታነሳ መጀመሪያ የሚወርደው የራሷ አፍንጫ ነው። ጓድ ይገዙ፣ እኔ የተዘረፍኩት ልንገርህ፤ ሌባው ወንድ ነው፤ ያውም ሙያ የሚያውቅ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ይገዙም ሳይወድ ፈገግ አለ። ጉዳዩ «ክትትል ይደረግበት» ተብሎ ተዘጋ።

ጽጌረዳ በር ላይ ጠበቀችው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ቦጋለ።»

«ለምኑ? መጫወቻሽን እንደሆነ ዛሬም አልወደድኩትም» ብሏት አለፈ።

ሚያዝያ ላይ ሚስቱ እትዬ ደሳለች ታመመችና መርፌ ታዘዘላት። ጽጌረዳ እሑድ ረፋድ ላይ ልትወጋት ቤታቸው ሄደች። ጋሽ ቦጋለ ከመድኃኔዓለም ገና አልተመለሰም። እትዬ ደሳለች ተወግታ ስታበቃ፣ «ሳትቀምሺ አትወጪም» ብላ ዳቦ አቀረበች። ቢላዋዋ ግን ዳቦውን ትጨፈልቀዋለች እንጂ አትቆርጠውም።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለች እትዬ ደሳለች፣ «ይሄ ሰውዬ ፋብሪካው ጣላቸው ብሎ አርባ ካራ አመላልሶ ሽንት ቤት ሲከት፣ ለጓዳዬ አንዲት እንኳ አላስቀረልኝም።»