አራስ መርዶ አትሰማም

«ፊትዎን አናሳይም፣ እማማ፤ ከጀርባዎ ብቻ ነው» ይላል ሳሙኤል፣ ካሜራውን ማንጎው ሥር እየተከለ። በአጣዬ መንገድ ስለሞቱት ሰዎች ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ ነው የመጣው።

እትዬ ደመቀች አሁንም አሁንም ወደ ቤቱ ይዞራሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ምራታቸው ሰብለ ውስጥ ናት፤ አራስ ናት።

«ቀስ ብለህ ጠይቀኝ፣ ልጄ። የባሏን ሞት አልነገርናትም። ክርስትና እስኪነሳ አይነገራትም። የአራስ ድንጋጤ ከወተቷ ጋር ወደ ሕፃኑ ይወርዳል።»

ልጃቸውን ዘነበን፣ ሽንኩርት ጭኖ እንደወጣ መንገድ ላይ ገደሉት። ለሰብለ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ተባለ። እናቱ ጠበል ልሂድ ብለው ወጥተው ቀበሩት፤ ፊታቸውን ተጣጥበው ተመለሱ። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣውም ሁሉ እንባውን ከአጥር ውጭ ጠርጎ ይገባና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ ገንፎውን ቀምሶ ይሄዳል። ሰው አልቅሶ ነው የሚወጣለት፤ እሳቸው በገዛ ቤታቸው ማልቀሻ አጡ። ይሄ ልጅ «ይንገሩኝ» ሲላቸው እሺ ያሉት ለዚሁ ነው።

ሳሙኤል በካሜራው አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ፊት ካልታየ ሐዘኑም አይታይም ይላል። ደግሞ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ነጠላዎን በቀብሩ ዕለት እንደለበሱት ቢያደርጉልኝ?»

ያመነታሉ። ለሰብለ ዓይን ሲሉ ቀና አድርገው ነው የሚለብሱት። ቢሆንም ጥለቱን ወደ አንገታቸው ዘቅዝቀው ይደርቡታል፤ እጃቸው አልተቸገረም። ከዚያ ይናገራሉ። «ለልጄ ማዘያ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ መውጣቱን ሲያነሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ግን አያወጡም። ሳሙኤል አያቋርጣቸውም፤ ካሜራውን ጠጋ ያደርጋል።

«እትዬ፣ ለብ ያለውን ውሃ ያቀብሉኛል?» ትላለች ሰብለ ከውስጥ።

ብድግ ይላሉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ፤ ጉንጫቸውንም፣ አገጫቸውንም። ፈገግታቸውን ያስተካክላሉ። ጆጉን አንስተው ሲገሰግሱ ሳሙኤል ከኋላቸው የሆነ ነገር ይላል፤ አልሰሙትም።

«ምንም አይደል፣ ስለ መንገዱ ነው የጠየቀኝ» ይላሉ ገና ከበሩ።

ሰብለ ቀና ብላ ታያቸዋለች። ዓይኗ አንገታቸው ላይ፣ ጥለቱ ላይ ቀርቷል። ሕፃኑ እየጠባ ነው። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ፣ ጡቷን ከአፉ ታወጣለች።