ገበያ እንዴት ነው?

«ይሄን ይሰርዙልኝ፣ ኦቦ ታፋ» ትላለች ዚነት። በርበሬ የለመደው ጣቷ ደብዳቤው ላይ ቀይ ነጥብ ይተዋል። «‹ገበያ የለም› ብለው አይጻፉብኝ። ከአፌ ያልወጣውን!»

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ከግብር ቢሮው አጥር ማዶ፣ ዋንዛው ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ የሰውን እሮሮ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እሮሮዬን አትጻፍ የሚል ባለጉዳይ ሲገጥመኝ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

«አዴ ዚነት፣ ገበያ ካለማ ግብሩ በዛብኝ ብለሽ ለምን መጣሽ?»

«በዝቶብኝ ነዋ!»

አጠገቧ የቆመው ጂሩ ጫማውን ያያል። እሷ ቅመም ትሸጣለች፣ እሱ ቦንዳ ልብስ። በአንድ መደዳ ያሉ አሥራ ስምንት ባለሱቆች ወክለው የላኩት ሁለቱን ነው። ዘንድሮ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው የእያንዳንዱን የቀን ሽያጭ ገመቱ፤ ግብሩም ከአምናው ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ቅሬታ የሚቀበሉት ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ አሁን አሥር ሊሆን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልላቸው አስቤ ተውኩት። ዚነት ግምቱ ካልተቀነሰላት ንግድ ፈቃዷን መልሳ፣ ሲሬ ከተማ ወንድሟ ጋ ሄዳ መንገድ ዳር መሬት ላይ ልትቸረችር ቆርጣለች። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አንድ ሁለት ሱቅ ላይ ቢሳሳቱ ያለ ነው፤ አሥራ ስምንቱም ላይ እንዴት? እኔ ደግሞ ነገር ከከነከነኝ እስክሪብቶዬ አይሄድም።

«ጂሩ፣ ገማቾቹ ልጆች መጥተው ምን አሉህ? ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ጠዋት ነው፤ ገና ቦንዳውን ስፈታ። ‹አካም ቡልተኒ›፣ እንዴት አደርክ አሉኝ። ‹ነጋ›፣ ሰላም ነው አልኳቸው። ሰላምታው ሲያልቅ ‹ጋባን አካም?› አሉ። ገበያው እንዴት ነው፣ ነው እንግዲህ።»

«አንተስ?»

«‹ጋሪዳ፣ ገለታ ዋቃዮ› ነዋ! ጥሩ ነው፣ ምስጋና ለእሱ። ሌላ ምን መልስ አለው?»

«ከዚያስ?»

«አንደኛው ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉት። አመስግኖኝ ሄደ።»

ወደ ዚነት እዞራለሁ። ሻሿን ታስተካክላለች።

«እኔም ‹አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው› አልኩ። በማለዳ፣ ሱቄን ቢስሚላህ ብዬ በከፈትኩበት አፍ፣ ለማላውቀው ልጅ ገበያ ሞቷል ልበል? አባቴ በሰባ ሰባት ከወሎ ሲመጣ ነፍሱን ብቻ ይዞ ነው ከመኪናው የወረደ። እንዴት ነህ ሲሉት አልሐምዱሊላህ ነበር የሚል። ‹የለም ያለ አፍ የባሰውን ይጠራል› ይለን ነበር።»

«ሌሎቹስ?»

«ጎረቤቴ ንጋትማ ‹ተመስገን፣ ከአምናው ይሻላል› ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይላል ጂሩ። «ያን ቀን ምሳዋን የበላችው ከእኔ ሣህን ነው።»

ሳቄ ይመጣል። አሥራ ስምንት ሱቅ በምስጋናው ተገምቷል።

«እንግዲያው ዋሽተን ነበር ብዬ ልጻፍ?»

«አልዋሸንም!» ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ተሳስተን ነበር ልበል?»

«ማመስገን ስህተት ነው እንዴ?» ትለኛለች ዚነት። «ለአላህ ያደረስኩትን ምስጋና ግብር ፈርቼ መልሼ አልወስድም፣ ኦቦ ታፋ። ሱቁ ይቅርብኝ።»

ጂሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ይላል። «ሰላምታ ነበር ብለው ይጻፉ። የዚያ የገማቹ ልጅ እናትም ብትጠየቅ እንደዚያው ነው የምትመልሰው።»

አዲስ ወረቀት እስባለሁ። በኦሮምኛ እጽፍና ለዚነት በአማርኛ አነብላታለሁ። ኦሮምኛውም ይገባታል፤ ግን በራሷ ቋንቋ ስትሰማው ደስ ይላታል።

‹ገበያ እንዴት ነው ተብለን የመለስነው ሰላምታ ነው። በቀን ስንት ትሸጣላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። አሁንም መጥታችሁ፣ ተቀምጣችሁ ጠይቁን። እንነግራችኋለን።›

«እሱ ይሁን» ትላለች፤ ትከሻዋ ትንሽ ይረግባል። አሥራ ስምንቱ የፈረሙበትን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ልትከፍለኝ ቦርሳዋን እየከፈተች፣ «እርስዎስ፣ ኦቦ ታፋ፣ ሥራ እንዴት ነው?»

«ገለታ ዋቃዮ፣ በጣም ጥሩ ነው!» እላለሁ።

ካልኩ በኋላ ነው ራሴን የሰማሁት። ከጠዋት ጀምሮ ከእነሱ ሌላ ባለጉዳይ አልመጣልኝም። ሰው ሁሉ አሁን የሚያስጽፈው ኮምፒውተር ቤት ነው።

ስቴፕለር ፍለጋ መሳቢያዬን ስስብ፣ ሁለት ሳምንት አጥፌ የሸሸግኩት ወረቀት ብቅ ይላል። የራሴ የግብር ግምት ነው። የሰው እሮሮ ጸሐፊ የራሱን ይዞ ማን ጋ ይሄዳል ብዬ አፍሬ ነበር የደበቅኩት። ይዞት የመጣውን ልጅ አሁን አስታወስኩት፤ ከዚያ በፊትም አንድ ማለዳ መጥቶ ነበር። እዚህችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ትሑት ልጅ፣ ሥራ እንዴት ነው ብሎኝ ነበር።

ዚነት የግብር ቢሮውን ማኅተም ታውቀዋለች። አትስቅብኝም። የፊርማውን ወረቀት አዙራ ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ ከመጨረሻው ስም ሥር ጣቷን ታሳርፋለች።

«አሥራ ዘጠኝ ብለው ይጻፉ» ትላለች።

ጣቷን ስታነሳ ቀይ ነጥብ ይቀራል። ከነጥቡ አጠገብ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስም ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ የራሴን ስም እጽፋለሁ።