በክርስትና ስም

«አልወደድኩትም ተብሎ ሰው አይባረርም!» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። «ምን አደረገሽ? ሰደበሽ? ገና ዛሬ ነው ሥራ የጀመረው!»

«እኔን ምንም አላደረገኝም፣ ጌታዬ። ልጆቹን ወደ ወንዝ እኔ ልውሰዳቸው ነው የምለው። እንደ ወትሮው።»

«አንቺ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አንሶላውን ትጨርሻለሽ። ሦስቴ ነገርኩሽ እኮ!»

የማርያምወርቅ ከደጃፉ ንቅንቅ አላለችም። በዚህ የዓይነ ስውራን ልጃገረዶች ማሳደጊያ ልብስ አጣቢ ሆና አራት ዓመት ሠርታለች፤ ከአስተዳዳሪው ጋር ቃል ስትመላለስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በመስኮቱ አሥራ አንዱ ልጆች ይታያሉ። የቅዳሜ ልማዳቸው ነውና ረጅሙን ገመድ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተሰልፈዋል። የገመዱን ጫፍ የያዘው አዲሱ ሰውዬ ነው። ወንዙ ያለው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነው። በልጆቹ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፤ በመንገዱ ላይ አንድም ቤት የለም።

ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳት። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ በልጅነታቸው ቋንቋ፣ «ጂቱ፣ እኔ አላውቅሽም፤ አንቺም አታውቂኝም» አላት። ድምፁ የለሰለሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሙናው ከእጇ እያመለጠ አስቸግሯታል።

አቶ ሠረቀብርሃን ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ከፊቷ ዘረጉት። «ይኸው! ማንበብ ባትችዪ ማኅተሙን እዪው። ጥር 1954። ገብረ ክርስቶስ በዳዳ፤ በጣቢያው መዝገብ ወንጀል አልተገኘበትም። ያለ ፖሊስ ወረቀት እዚህ ቤት ማንም የልጆቹን እጅ አይዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ‹ለአጣቢና ለውኃ ቀጂ ደግሞ የምን ወረቀት ነው!› ብለው ስንት ሰዎች ስቀውብኛል። አንቺስ ብትሆኚ በዚሁ ወረቀት አይደል የገባሽው?»

«በዚሁ ነው» አለች።

ሰውዬውን በደንብ ታውቀዋለች። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሁለቱም በተወለዱበት መንደር፣ ዱጋሳ ነበር የሚባለው። የጎረቤቷን የዲንቄን ልጅ፣ የስምንት ዓመት ሕፃን፣ ጭራሮ እንልቀም ብሎ ጫካ ይዟት ገባና ያደረጋትን አደረጋት። ጭቃ ሹሙ የፊጥኝ አስሮ ለፖሊስ አስረከበው፤ ሰባት ዓመትም ተፈረደበት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም።

ከደጅ ሳቅ ተሰማ። ሰውዬው ወደ ትንሿ ልጅ፣ ወደ ሙሉነሽ፣ ጎንበስ ብሏል። «የወፍ ጎጆ አግኝቻለሁ» ይላታል። «ጫጩቶቹን በእጅሽ አስዳስስሻለሁ። ግን ላንቺ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ እንዳትነግሪ።»

«ስሙ ዱጋሳ ነው» አለች የማርያምወርቅ።

«ምን አልሽ?»

«ገብረ ክርስቶስ የክርስትና ስሙ ነው። የታሰረው ዱጋሳ ተብሎ ነው። በሕፃን ልጅ ነው የታሰረው፣ ጌታዬ፤ በሴት ልጅ። በዱጋሳ ስም ያስጠይቁ።»

አቶ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ሴት፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ስም ማጥፋት ያስቀጣል። ፖሊስ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ዝም ብሎ ያትማል? የመንደር ቂም ይዘሽ…»

«ጸሐፊው ‹ስምህ ማነው?› ይላል፤ የነገሩትን ስም መዝገቡ ላይ ይፈልጋል፤ ካጣው ያትማል። ሌላ ጥያቄ የለም።»

«እሱንስ በምን አወቅሽ?»

የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ገመዱ ተወጠረ፤ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። አራት ዓመት ሙሉ የተኛችባት ዝናብ የማያፈስባት ክፍል፣ ጠዋት ጠዋት «እትዬ» የሚሏት አሥራ አንድ ድምፆች፣ ሁሉም ባንዴ መጡባት።

«እኔ ራሴ ጂቱ ነኝ» አለች። «እንጨት ስለቅም ሸክሜን ሊነጥቀኝ የመጣውን የደን ዘበኛ እጁን በማጭድ መትቼው ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ። መዝገቡ ጂቱ ነው የሚለው፤ ለእርስዎ ያመጣሁት ወረቀት ግን የማርያምወርቅ ይላል። ሁለታችንንም ያስጠይቁ።»

አቶ ሠረቀብርሃን አዩዋት። ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ገልብጠው ወጡ።

«አባይነህ! በሩን! በሩን ዝጋው!»

ሽማግሌው ዘበኛ በሩን በትከሻው ገፍቶ ዘጋው። ሰውዬው አልሸሸም። ገመዱን ሳይለቅ ባርኔጣውን አወለቀና ፈገግ አለ። «ምነው ጌታዬ፣ በሰላም ነው?»

«ዱጋሳ» አሉት አቶ ሠረቀብርሃን።

ፈገግታው ጠፋ። አስተዳዳሪው ገመዱን ከእጁ ነጠቁና በየልጁ ራስ ላይ መዳፋቸውን እያሳረፉ ይቆጥሩ ጀመር። አሥራ አንድ ላይ ደርሰውም አላመኑም፤ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ እየሮጠ መጥቶ ሰውዬውን ከበበው። አባይነህ ዱላውን በበሩ ላይ አጋድሞ ቆመ፤ ሙሉነሽ «ጫጩቶቹስ?» እያለች ታለቅሳለች።

የማርያምወርቅ በማጠቢያው በኩል ዞረች። ልጆቹ ኮቴዋን ይለያሉና ቤቱ የሰጣትን ሸራ ጫማ አውልቃ ከገንዳው ሥር አስተካክላ አስቀመጠችው። በጓሮው በር ወጥታ አቀበቱን ተያያዘችው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከፊቷ መጡ፤ የመጀመሪያዋ ቀና ሳትል፣ ሸክሟ እንዳይነካት ገደሉን ተጠግታ አሳለፈቻት።